«መድኃኒት ተገኘ» ያላችሁት ነገር ከዝርዝራችን ወርዷል

ለዩኒቨርሲቲያችን የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ምክትል ፕሬዝዳንት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ስለ ዴንጊ ምርምራችን የወጣው ዜና እንዲታረም፣ የተወሰደብን ኮምፒውተር እንዲመለስና የቤተ ሙከራ ሥራው እንዲጀመር ስለመጠየቅ

ክቡራን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምንጽፈው በመዝገብ ቤት በኩል ሦስት ጊዜ ሞክረን ስላልሆነልን ነው። የመጀመሪያው «ለሚመለከተው ክፍል» ተብሎ ተመራ። የሚመለከተው ክፍል እኛው ነበርንና ዞሮ ዞሮ እኛው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ጠፋ። ሦስተኛውን ይዘን ስንሄድ «እናንተ የቅጠሉ ልጆች አይደላችሁም? መድኃኒቱን አግኝታችሁ የለ እንዴ፣ ሌላ ምን ፈለጋችሁ?» ተባልን።

አላገኘንም። ጣጣው ሁሉ የመጣው አግኝተዋል ከመባሉ ነው።

እኛ ሰባት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ሁለት የቴክኒክ ረዳቶች ነን። ከዕፅዋት የሚገኙ ውሁዶችን (የተክል ኬሚካሎችን) በኮምፒውተር እያጣራን ቫይረስ ሊያስቆሙ የሚችሉትን እንፈልጋለን። ሥራውን የጀመሩት ከእኛ የቀደሙ ልጆች ናቸው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ከተማው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ይሻማ ጀመር። ካምፓስ ሲዘጋ እነሱ እጅ ላይ የቀረው ላፕቶፕ ብቻ ነበር። የቫይረሱ ዋና ኢንዛይም ቅርጽ 6ኤልዩ7 በሚል መለያ ለዓለም በነጻ ተለቆ ስለነበር ያንኑ አውርደው ሠሩ። እኛ ደግሞ ወደ ዴንጊ፣ በትንኝ ወደሚተላለፈው የትኩሳት ሕመም፣ ዞርን። ዴንጊ ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ከታየበት እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ወደ ምሥራቁ የሀገራችን ክፍል ተመላልሷል። ቫይረሱን ራሱን የሚያጠፋ የተፈቀደ መድኃኒት ግን እስካሁን የለውም።

ቅሬታችንን ከመዘርዘራችን በፊት ሥራው ምን እንደሆነ እንንገራችሁ። ጽሕፈት ቤቱ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ግማሹ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

የዴንጊ ቫይረስ ሰው ሴል ውስጥ ሲገባ ፕሮቲኖቹን በአንድ ረጅም ገመድ መልክ ነው የሚያሠራው። ገመዱ ካልተቆራረጠ አይጠቅመውም። ለመቁረጡ የራሱ መቀስ አለው፤ ፕሮቲዬዝ ይባላል። የመቀሱ አፍ ውስጥ የሚሰነቀር ነገር ከተገኘ ቫይረሱ መባዛት ያቅተዋል። እኛ የመቀሱን ቅርጽ ከዓለም አቀፉ የፕሮቲን የመረጃ ቋት እናወርዳለን። አፉ ዙሪያ ሳጥን እንሠራለን። ከዚያ የዕፅዋት ውሁዶችን አንድ በአንድ እዚያ ሳጥን ውስጥ እናስሞክራለን። ይህ ዶኪንግ ይባላል። የምንጠቀምበት ቪና የተባለ ፕሮግራም ነጻ ነው። ኢቲኤም-ዲቢ የተባለው የመረጃ ቋትም ነጻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ 1,054 የሀገራችንን መድኃኒት ዕፅዋትና 4,285 ውሁዶችን ይዞ ነበር። መነሻችን እሱ ነው።

ለቤተሰብ ስናስረዳ የምንለው ይህን ነው። ዶኪንግ ማለት መርካቶ ሄዶ ጫማ መለካት ነው፤ ያውም ወንበር ላይ እንደተቀመጡ። እግር ገባ፣ አልገባም፣ ይኸው ነው። ተነስቶ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ሁለተኛው ደረጃ ነው። እሱን ሲሙሌሽን እንለዋለን፤ ፕሮቲኑም ውሁዱም በውኃ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ተጣብቀው ይቆዩ እንደሆነ እናያለን። ጫማው የክረምት ጭቃ ላይ ምን እንደሚሆን ግን ሱቅ ውስጥ ማንም አያውቅም። ጭቃው ቤተ ሙከራ ነው። ከዚያ እንስሳ አለ፣ ከዚያ ሰው አለ። እኛ ወንበሩ ላይ ነን።

የመጀመሪያውና ትልቁ ቅሬታችን ዜናው ነው።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አንድ ባልደረባችን የቴሲሱን ውጤት ለክፍሉ ሲያቀርብ ከጽሕፈት ቤቱ የመጡ ሰው ነበሩ። ፎቶ አነሱ። በሦስተኛው ቀን በዩኒቨርሲቲው ገጽና በአካባቢው ኤፍኤም ሬዲዮ «ተመራማሪዎቻችን ለዴንጊ መድኃኒት አገኙ» ተባለ። የተክሉ ስም ተነገረ። የትኛው ክፍሉ እንደሚቀቀል ሳይቀር ተነገረ፤ ይህን ማን እንደጨመረበት እስካሁን አላወቅንም። እኛ አንድም ቅጠል ቀቅለን አናውቅም። የልጁ ስልክ ቁጥርም ከዜናው ሥር ሰፈረ።

የተክሉን ስም እዚህ የማንደግመው ሆን ብለን ነው።

ስልኩ መጮህ የጀመረው በዚያው ቀን ማታ ነው። መጀመሪያ ነጋዴዎች ደወሉ፤ በኪሎ ስንት ነው አሉ። ከዚያ ዘመድ ደወለ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አባት ከምሥራቅ ደወሉ። ሴት ልጃቸው አራት ቀን ሙሉ በትኩሳት ስትቃጠል፣ አጥንቷን ሲቆረጥማት፣ ከዓይኗ ኋላ ሲያማት ቆይታለች። ቅጠሉን ቀቅለው ሰጧት። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ትኩሳቷ በርዷል፣ ቅጠሉ ሠርቷል» አሉ። የደወሉት ለምስጋና ነው። «አሁን ምን እያደረገች ነው?» ብሎ ባልደረባችን ጠየቃቸው። «ተኝታለች፣ ሆዴን ትላለች፣ ሁለቴ አስመልሷታል፣ ድዷም ትንሽ ደምቷል፣ ግን ትኩሳቱ የለም» አሉት።

ዴንጊን የሚያውቅ የጤና ባለሙያ እዚህ ጋ ከወንበሩ ይነሳል። የዴንጊ ክፉው ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ትኩሳቱ ሲበርድ ነው፤ ሕመሙ በጀመረ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ። ፈሳሹ ከደም ሥር እየሾለከ ይወጣል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ መድማት ይመጣል። የሆድ ሕመም፣ ደጋግሞ ማስመለስና የድድ መድማት የአደጋ ምልክት ናቸው። ትኩሳቱ ደግሞ ቅጠል ተጠጣም አልተጠጣም በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ስለዚህ ምንም የማይሠራ ቅጠል እንኳ የሠራ ይመስላል። ያውም በጣም አደገኛው ሰዓት ላይ።

ልጁ ሐኪም አይደለም፤ የኮምፒውተር ኬሚስትሪ ተማሪ ነው። «አባባ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ይውሰዷት፣ እኛ መድኃኒት አላገኘንም» አላቸው። አባትየው ዝም አሉ። ቀጥለው «ታዲያ ሬዲዮው ምንድን ነው የሚለው?» አሉ። ልጅቱ ተወሰደች፤ ግሉኮስ ተሰክቶላት፣ ተኝታ ታክማ ዳነች። ባልደረባችን ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስልኩን ቀየረ። ያልደወሉት ስንት እንደሆኑ ማን ያውቃል።

ጽሕፈት ቤቱ «ዜናው የተጻፈው እናንተ ካቀረባችሁት ነው» ብሎናል። በከፊል እውነት አለው። እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በቴሲሱ ማጠቃለያ ላይ «ተስፋ ሰጪ የመድኃኒት እጩ» የሚል ሐረግ አለ። ሁሉም ይጽፋታል፤ ካልተጻፈች ጆርናል አይቀበልም ይባላል። ተስፋ ሰጪ እጩና መድኃኒት ግን አንድ አይደሉም። ለቀበሌ ምርጫ የቀረበ ሁሉ ሊቀመንበር ሆነ አይባልም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የባሰ ነው። በዜና የወጣው ውሁድ አሁን ከዝርዝራችን አናት ላይ የለም።

እንዴት እንደሆነ እንናገር። መጀመሪያ የተጠቀምንበት የመቀሱ ቅርጽ መለያው 2ኤፍኦኤም ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው። የዴንጊ ፕሮቲዬዝ ግን ከጎኑ አጋዥ ክፍል አለው። ሥራ ላይ ሲሆን ያ ክፍል ዞሮ የመቀሱን አፍ ያቅፈዋል። 2ኤፍኦኤም ላይ ያ ክፍል ዞር ብሎ ርቆ ነው ያለው። በሌላ አነጋገር የለካነው የተከፈተ መቀስ አፍ ላይ ነበር። ይህን የነገረን ከሌላ ሀገር የመጣ ገምጋሚ ነው፣ ሁለት መስመር አስተያየት ጽፎ። ሰውየው አናደደን። ግን ልክ ነበር። ከዚያ 3ዩ1አይ የተባለውን፣ ማገጃ (አፉ ውስጥ የተሰነቀረ ሞለኪውል) እንደያዘ የተወሰደውን የዴንጊ 3 (የሦስተኛው የዴንጊ ዓይነት) ቅርጽ ይዘን ሥራውን እንደ አዲስ ሠራን። መጀመሪያ ማገጃውን አውጥተን መልሰን አስገባነው፤ ፕሮግራሙ ወደ ቦታው ይመልሰው እንደሆነ ለማየት ነው። ይህ ፈተና መጀመሪያም መደረግ ነበረበት፤ 2ኤፍኦኤም ላይ የሚወጣ ማገጃ ስለሌለ አልተደረገም። አዲሱ ዝርዝር ሲወጣ ዜና የሆነው ውሁድ ከ20ዎቹ ውጭ ሆነ።

ይህ ማለት ውሁዱ አይሠራም ማለት እንኳ አይደለም። አናውቅም ማለት ነው። ቪና የሚሰጠው ነጥብ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ነው፤ በወረደ መጠን «ጥሩ ይዟል» ይባላል። የፕሮግራሙ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጽሑፍ ስሕተቱ ወደ 3 ኪሎ ካሎሪ እንደሚጠጋ ራሳቸው ጽፈዋል። በክፍል ሙቀት የ1.4 ኪሎ ካሎሪ ልዩነት ማለት የመያዝ ኃይሉ በ10 እጥፍ ተለየ ማለት ነው። 2.8 ሲሆን 100 እጥፍ። ስለዚህ አንደኛና ሃያኛ የወጡት ውሁዶች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከስሕተቱ ያነሰ ነው። ደረጃው እንደ ሎተሪ አይደለም፤ እንደ ማትሪክ ውጤትም አይደለም። ለመጣያ ነው የሚጠቅመው። 4,285 ነገር ሁሉ መሞከር አይቻልም፤ 4,200ውን ጥሎ የቀረውን በእጅ ለመሞከር።

ደግሞ ፕሮግራሙ ድክመት አለበት። ትልልቅ ሞለኪውሎችን ይወዳል። ብዙ እጅ ያለው ሞለኪውል ብዙ ቦታ ይጨብጣል፣ ነጥቡ ይወርዳል። ሩቲንን ተመልከቱ። ስሙ የወጣው ከጤና አዳም ወገን ከሆነ ተክል ነው። የትኛውም ቫይረስ ላይ ብታስሞክሩት ከአናት አይጠፋም። የሞለኪውል ክብደቱ ግን ከ600 በላይ ነው፤ በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት የሚመከረው ጣሪያ 500 ነው። በየወሩ «ሩቲን ለዚህ፣ ሩቲን ለዚያ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። እኛ አሁን አሁን ሩቲን አንደኛ ሲወጣ እንስቃለን።

ይህን ሁሉ በነሐሴ ወር በጽሑፍ አሳወቅን። «ዜናው አንዴ ወጥቷል፣ አሁን ማስተባበል የተቋሙን ገጽታ ይጎዳል» ተባልን። ገጽታ።

ሦስተኛው የቤተ ሙከራ ጉዳይ ነው። የጠየቅነው ትልቅ ነገር አልነበረም። 12 ውሁዶች በትንሽ በትንሹ ተገዝተው ይምጡ፣ የፕሮቲዬዙ ኢንዛይም ይምጣ፣ ሲቆረጥ የሚያበራ መነሻ ንጥረ ነገር ይምጣ አልን። ኢንዛይሙ ሲሠራ ብርሃኑ ይጨምራል፣ ውሁዱ ካገደው ብርሃኑ አይጨምርም። በአንድ ቀን ስንቱ እንደሚሠራ ይታያል። ሕያው ቫይረስ አያስፈልግም፣ ልዩ የደኅንነት ክፍል አያስፈልግም። የበጀት ኮሚቴው የሰጠን መልስ በቃለ ጉባኤ አለ፦ ሥራው «በኮምፒውተር የሚሠራ ስለሆነ የኬሚካል ወጪ አያስፈልገውም»። በዚያው ገጽ፣ ከሦስት መስመር በታች፣ «ውጤቱም የተገኘ በመሆኑ» ይላል።

ብርሃኑን የሚለካው መሣሪያ ግቢያችን ውስጥ አለ። በልገሳ የመጣ ነው። ከእኛ ሁለት ሕንፃ ወዲያ፣ ንብረት ክፍል መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ተቀምጧል። በሞዴል 19 ገብቷል፤ በሞዴል 22 የሚያወጣው ክፍል የትኛው እንደሆነ አልተወሰነም። በበር ክፍተት አይተነዋል። ላዩ ላይ ያረጁ ወንበሮች ተደርድረውበታል።

ኢንዛይሙን በራሳችን ጥረት ለማስመጣትም ሞክረን ነበር። ውጭ ያለ አንድ የቀድሞ ተማሪ ለምኖ ላከልን። ዕቃው በደረቅ በረዶ ታሽጎ ካርጎ ደረሰ። ከዩኒቨርሲቲው የሚያስፈልገው አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ነበር፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ደብዳቤው በዘጠነኛው ቀን ወጣ። ሳጥኑን ስንከፍት በረዶ የለም፣ ቱቦዎቹ ክፍል ውስጥ እንደቆየ ውኃ ሞቅ ብለዋል። የላከልን ልጅ እንዴት ሆነላችሁ ብሎ ሲጠይቅ እስካሁን «እየሞከርን ነው» እንለዋለን።

የሌላውን ዓለም ነገር እናውቀዋለን፣ ራሳችንን ከእነሱ ጋር አናወዳድርም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ኦክ ሪጅ የነበረው ሰሚት የተባለው ኮምፒውተር ከ27,000 በላይ የግራፊክስ ካርድ ይዞ ከ8,000 ውሁዶች 77ቱን ለኮሮና ለይቶ ነበር። ሰዎቹ 77 መድኃኒት አገኘን አላሉም፤ ለቤተ ሙከራ የሚሰጥ ዝርዝር አወጣን ነው ያሉት። በኮሮናው ዋና ኢንዛይም ላይ የሚሠራው ኒርማትሬልቪር የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ለአስቸኳይ አገልግሎት ሲፈቀድ በኮምፒውተር ቅርጽ ብቻ አይደለም የደረሰው፤ ኬሚስቶች ሠርተው፣ አፍርሰው፣ ደግመው ሠርተው፣ ሰው ላይ ተሞክሮ ነው። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ቦታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች፣ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎቹን፣ አዩ። ማየቱ አንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እንዶዱን በመጠን በመጠን እየቀመሙ መፈተኑ የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነባቸው።

አራተኛው ኮምፒውተሩ ነው። አንድ ነበረን፤ ሲሙሌሽን የሚያስኬድ የግራፊክስ ካርድ ያለው፣ በአንድ ፕሮጀክት የተገዛ። መብራት ሲጠፋ ሥራው እንደሚጠፋ ብዙ ሰው ያስባል። አይጠፋም፤ ፕሮግራሙ በየ15 ደቂቃው የደረሰበትን ያስቀምጣል። የሚሞተው ፓወር ሰፕላዩ ነው። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ በአንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ይመጣል፣ ጧ ይላል፣ የተቃጠለ ሽታ ይሸታል። በአንድ ዓመት ሁለት ተቃጥሎብናል። ሁለቱንም ከኪሳችን አዋጥተን ገዛን። ዩፒኤስ ብንጠይቅ ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ ተባልን፤ ሦስቱን ስናመጣ የበጀት ዓመቱ ተዘጋ።

ከዚያ የመውጫ ፈተና መጣ። ፈተናው ከ2015 ጀምሮ በኮምፒውተር ስለሚሰጥ ማሽን እንደሚያጥር ይገባናል። ታናናሾቻችን ናቸው የሚፈተኑት፣ እኛም አንቃወምም። ነገር ግን 40 ኮምፒውተር ተለቅሞ ሲሄድ የእኛም አብሮ ተነቀለ። 100 ናኖ ሰከንድ (የሞለኪውሎቹ እንቅስቃሴ የሚለካበት እጅግ አጭር ጊዜ ነው) ከሚሮጠው ሥራ 83ኛው ላይ ነበር። የነቀሉት ሠራተኛ «ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ማንም አይሠራበትም» ብለው ነው። ሥራው የሚሮጠው ጥቁር ስክሪን ላይ ነው። ለመፈተኛ ከሆነ ተራ ማሽን ይበቃል፤ የእኛ ካርድ ጥያቄ ለማሳየት አይጠቅምም። ፈተናው አለቀ። ማሽኑ አልተመለሰም። አሁን አንድ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ይጻፍበታል፤ የት እንደሆነ እናውቃለን፣ የካርዱ ማራገቢያ ድምፅ ከኮሪደሩ ይሰማል።

አምስተኛውን ለመጻፍ ያሳፍረናል። ከዝርዝራችን ዕፅዋት አንዱን፣ ያንኑ በዜና የወጣውን፣ ያሳዩን አንዲት የባህል ሐኪም ናቸው። ከከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ ወጥተን ቤታቸው ሄድን። ቡና አፈሉልን። ቅጠሉን ከጓሮ ቆርጠው፣ በመዳፋቸው አሽተው እንድናሸት ሰጡን፤ የጠዋቱና የቀትሩ ሽታው አንድ አይደለም፣ የጠዋቱን ነው የምወስደው አሉ። ይህ በየትኛውም የመረጃ ቋት ውስጥ የለም፤ ከኬሚስትሪ አንጻር ግን ጠቃሚ ፍንጭ ነው፣ የቅጠል ዘይት በቀኑ ሰዓት ይለያያልና። ፈቃድ ጠየቅን፣ ጣታቸውን አትመው ፈቀዱ። ውጤቱን በአማርኛ አምጥተን እንደምናነብላቸው፣ ስማቸው እንደሚጠቀስ ቃል ገባን። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚለውም ይህንኑ ነው፦ አስቀድሞ ማስፈቀድና ጥቅምን መጋራት። ዜናው ሲወጣ የአራት ኃላፊዎች ስም ነበረበት። የእሳቸው የለም፣ የመንደሩም የለም። ዝግጅቱ ግን ለሕዝብ ተዘርግፏል።

በመስከረም ሄድን። የጓሯቸው ተክል ግማሹ ተነቅሏል፤ ሌሊት መጥተው ነው የወሰዱት። «ልጆቼ፣ ቅጠሌን በሬዲዮ ሰማሁት» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ቡና አልቀረበም።

ጤፋችን ሆላንድ ውስጥ ፓተንት ሲወጣበት ሀገሩ ሁሉ ጮኾ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው የሆላንድ ፍርድ ቤት ነው የጣለው። ከውጭ ሲመጣ እንጮሃለን። ይኼኛው ከራሳችን ግቢ ነው።

የምንጠይቀው እንደሚከተለው ነው።

ዜናው በወጣበት ገጽና በዚያው ሬዲዮ፣ በዚያው ሰዓት ይታረም። የማረሚያውን ጽሑፍ እኛ አዘጋጅተናል፣ አጭር ነው፦ «ባለፈው ሰኔ ለዴንጊ መድኃኒት ተገኘ ተብሎ የተነገረው ስሕተት ነበር። ጥናቱ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያ ማጣሪያ ነው፤ በቤተ ሙከራም በሰውም ላይ አልተሞከረም። እባክዎ ተክሉን ለዚህ ሕመም አይጠጡ። ትኩሳት ከበረደ በኋላ የሆድ ሕመም፣ ማስመለስ ወይም መድማት ካለ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።» ጽሕፈት ቤቱ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ብቻ መፈጸም የሚችል ከሆነ ይህን ይፈጽም። ሌላው ይቆይ።

ማሽኑ ከነካርዱ ይመለስ፤ ዩፒኤስም ይሰጠው። ለፈተና ጊዜ ሌላ ሁለት ተራ ማሽን ከክፍላችን እንሰጣለን።

መጋዘን ያለው መሣሪያ ይከፈት። የየትኛው ክፍል እንደሆነ መወሰን ካስቸገረ የማንም አይሁን፣ ብቻ ሶኬት ላይ ይሰካ። ለ12ቱ ውሁዶችና ለኢንዛይሙ ያቀረብነው የበጀት ጥያቄ እንደገና ይታይ። ለካርጎ የሚሆን የድጋፍ ደብዳቤም ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ተፈርሞ ይዘጋጅ።

በዶኪንግ ብቻ የተሠራ ቴሲስ «መድኃኒት» የሚል ቃል በርዕሱም በማጠቃለያውም እንዳይጠቀም የድኅረ ምረቃ ቢሮው መመሪያ ያውጣ። በተጨማሪም 12ቱም ውሁዶች ተሞክረው አንዱም ካልሠራ፣ ያ ውጤት ለምረቃ ይያዝልን። አሁን ባለው አሠራር የማይሠራ ነገር ያገኘ ተማሪ አይመረቅም፤ ስለዚህ ሁሉም የሚሠራ ነገር ያገኛል።

ወደ ባህል ሐኪሟ ቤት ደግሞ ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ኃላፊ አብረውን ይሂዱ። መኪና ይመደብልን፤ አበል አንጠይቅም። ፎቶ አንሺ እንዳይመጣ።

መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ሦስቱ የቀደሙ ደብዳቤዎቻችን የመዝገብ ቁጥር ስላላቸው መጥፋታቸውን እንኳ ቢሆን በቁጥር ግለጹልን።

ከሠላምታ ጋር፣

በኮምፒውተር የዕፅዋት መድኃኒት ማጣራት ቡድን
የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች እና የቴክኒክ ረዳቶች

ግልባጭ፦
ለድኅረ ምረቃ ቢሮ
ለንብረት ክፍል